ሳይፈቀድ የተነካ ራስ

ውድ ወንድሜ ዴኦ ናራያን፤

ፀሐይን ከእናንተ ቀድመን እንድናይ የፈቀደልን አምላክ፣ ወደ እናንተም ሲያሻግራት በዚያች በብሪስበን ክፍልህ መስኮት በኩል ይጎብኝህ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ከተማችን ላምባሳም እንደምታውቃት ናት፤ ፋብሪካው ሸንኮራ መፍጨት ከጀመረ ሰንብቷል፤ ጥቀርሻው በታጠበ ልብስ ላይ ይዘንባል፤ ሴቶቹም እንደ ልማዳቸው ሰማዩን እየረገሙ ልብሱን ያስገባሉ።

ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ደጋግሜ ተቀምጬ ደጋግሜ ተነሥቻለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ መድረክ ላይ ቆሜ ስለ ሰው ነፍስ የተናገርኩ ሽማግሌ፣ ስለ ራሴ ነፍስ አንድ ገጽ መጻፍ እንዲህ ይከብደኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር። አሁን ግን ዝም እንዳልል የሚያስገድደኝ ነገር መጣ። ባለፈው እሑድ ከአምልኮ ስመለስ ልጅህ ሳሪታ ደወለችልኝ።

«አባ ቄስ» አለችኝ፤ ድምፅዋ የቀጠነው ከሩቅ ስለመጣ ብቻ አልነበረም። «አባዬ መናገር ትቷል። ምግብ ስናቀርብለት ‹እሺ ልጄ› ይላል። ሐኪም ዘንድ ስንወስደው ‹ደህና ነኝ› ይላል። ከዚህ ሌላ ቃል የለውም። ትናንት ግን ትንሿ ልጄ ‹አያቴ፣ ምን ሆነህ ነው?› ብላ ብትጠይቀው ‹በቃኝ፣ የኔ እናት› አላት። ‹ምኑ ነው የበቃህ?› ስትለው ወደ ግድግዳው ዞረ። እኔ ፈራሁ አባ። ምን እንደፈራሁ ግን ለባሌ እንኳ መናገር አልቻልኩም።»

ሳሪታ የፈራችውን እኔ አውቀዋለሁ፤ ያንን ቃል አውቀዋለሁና። እኔም ብዬዋለሁ፤ ለግድግዳ ሳይሆን ለፈጣሪዬ። ስለዚህ አሁን የምጽፍልህ ለጉባኤውም፣ ለሚስቴ ወንድሞችም፣ ለአክስቴ ልጅ ለሳኪዩሳም ያልነገርኩትን ነው። አንተም ብትሆን በዚያ ዝናባማ ከሰዓት በኋላ በፀጉር ቤትህ በረንዳ ሥር ያገኘኸው ሰው ወዴት እየሄደ እንደነበር አልነገርኩህም። ምናልባት ገብቶህ ይሆናል። አልጠየቅሁህም፤ ዛሬም አልጠይቅህም።

ሚስቴ ኡናይሲ ያረፈች ጊዜ አንድ ጆንያ ሩዝና የሻይ ስኳር አሸክመህ ከሚስትህ ከካምላ ጋር መጥተህ፣ ከበሩ አጠገብ ምንጣፉ ጠርዝ ላይ ተቀምጠህ እስከ ምሽት ሳትነሣ መዋልህን አልረሳሁም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፀጉሬንና ጢሜን ተውኩ። በእኛ ዘንድ ሚስቱ የሞተችበት ባል ምላጭ አይነካውም፤ መቶኛዋ ሌሊት ስታልፍ የሟች ወገኖች ለክብር እጅ መንሻ የዓሣ ነባሪ ጥርስ ይዘው ይመጣሉ፤ በገዛ እጃቸው ይቆርጡለታል፤ ሐዘኑም ያን ጊዜ ይነሣል። እነርሱ እስኪመጡ ድረስ ራሱ የእነርሱ ነው። ይህን ላንተ መንገር ለዓሣ ስለ ውኃ እንደ ማውራት ነው፤ አርባ ዓመት ስትቆርጠን ኖረሃል። የእናንተ የሕንዶቹ ወገን ሐዘን ሲገባው ይላጫል፣ የእኛ ያሳድጋል። ልጆቹን በአንድ ቀን ያጣው ያ ጻድቅ ተነሥቶ ራሱን እንደ ተላጨ ባነበብኩ ቁጥር «ይኼ ሰውዬ የዴኦ ደንበኛ ነበር» እያልኩ አስቅህ ነበር።

የኡናይሲ ወንድሞች ግን በመቶኛዋ ሌሊት አልመጡም። በዚያው ወር ኮሮ ደሴትን ያ ክፉ ማዕበል መታት፤ ቤታቸውን ጣሪያ አልባ አደረገው፤ የካሳቫ እርሻቸውን ጨው አጠጣው። ታላቅ ወንድሟ ኤሮኒ «ጥቂት ታገሠን፣ ቤታችንን ከሸራ ጣሪያ አውጥተን በክብር እንመጣለን» ብሎ ላከብኝ። ጣሪያው በነፋስ የተወሰደበትን ሰው «ና ፀጉሬን ቁረጥ» ይሉታል? ደግሞስ ሐዘኑ ቶሎ እንዲነሣለት የሚያጣድፍ ባል ስሙ ምን ይባላል? ታገሥኩ። የሸንኮራው ወቅት አለፈ፤ ሁለተኛውም መጣ። ፀጉሬ ትከሻዬን አለፈ፤ ጢሜ ደረቴ ላይ ወረደ።

ያን ጊዜ የሆነውን ልንገርህ፤ ነገሩ ከውጭ ሲታይ ሌላ፣ ከውስጥ ሌላ ነበርና። ሰዎች አከበሩኝ። አውቶቡስ ስሳፈር ከአጠገቤ ያለው መቀመጫ ባዶ ይቀራል፤ ቆሞ የሚሄድ ሰው ሞልቶ እያለ ማንም አይቀመጥበትም። በቤተ ክርስቲያን ደጅ የሚሳሳቁ ወንዶች እኔ ስቀርብ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ ራሳቸውንም ዝቅ ያደርጋሉ። የምግብ ሣህን ያመጡልኛል፤ ደረጃው ላይ አስቀምጠው፣ አጎንብሰው ይመለሳሉ። ሐዘንተኛ ነው፣ አይረበሽ፣ ይላሉ። አንድም ሰው ክፉ አልዋለብኝም ዴኦ። አንድም ሰው ግን «ዛሬ እንዴት አደርክ?» ብሎ መልስ እስክሰጠው አልቆመም። ከቤተ መንግሥት ይልቅ መቃብር ነው እንዲህ የሚከበረው፤ እኔም ቀስ በቀስ የራሴ ሐውልት ሆንኩ።

ፖስታ ቤት እሄድ ነበር። የሚጽፍልኝ ሰው ኖሮ አይደለም። መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ ቀና ብላ «የለም አባ፣ ዛሬም የለም» እንድትለኝ ነበር የምሄደው። ያቺ «አባ» የምትለው ቃሏ ለቀኑ ስንቄ ነበረች። ቤት ስገባ የኡናይሲን ማንቆርቆሪያ ጥጄ «ፈላሽ?» እላታለሁ። ከዚያ ሌላ ድምፄን የምሰማው ስጸልይ ነው፤ ጸሎቴም ከጊዜ ወደ ጊዜ አጠረ።

ወደ አንተ ቤትስ ለምን አልመጣሁም? ይህን ጥያቄ ለራሴ ሳቀርብ ኖሬያለሁ። ያ ቤት ለእኔ ምን እንደነበር ታውቃለህ። ሁለት ወንበር፣ አንድ አግዳሚ፣ ጥግ ላይ የተሰነጠቀ መስታወት፤ በአንድ በኩል የአምላክህ ሥዕል ያለበት የቀን መቁጠሪያ፣ በሌላ በኩል ዋንጫ ያነሡ የራግቢ ልጆቻችን። እኔ በቤቴ የንስሐ ክፍል አልነበረኝም፤ በአንተ ቤት ግን ወንዶች ነጩን ጨርቅ አንገታቸው ላይ ካሰርክላቸው በኋላ ለሚስቶቻቸው የማይነግሩትን ለመስታወቱ ሲነግሩ ሰምቻለሁ። ጎረቤትህ ልብስ ሰፊው ሐኒፍ፣ የበኩር ልጁ ሳይሰናበተው አገር ጥሎ የሄደ ሰሞን፣ ፊቱ አረፋ እንደለበሰ «እኔ ነኝ ያባረርኩት» ብሎ ሲናገር አግዳሚው ላይ ነበርኩ። ማንም «አይዞህ» አላለውም። ማንም ምክር አልሰጠውም። አንተ መቀስህን ለአፍታ አቆምክና «ከዚያስ?» አልከው። እርሱም የቀረውን ተናገረ። የተባለውም ሁሉ ከበሩ መጋረጃ አላለፈም።

መምጣት ያቃተኝ ለዚህ ነበር። ፀጉሩ የማይነካ ሰው ፀጉር ቤት ገብቶ ምን ይላል? ወንበሩ ላይ ብቀመጥ ላንተ ፈተና እሆናለሁ፤ አግዳሚው ላይ ብቀመጥ ሳቁን አቆምባችኋለሁ። በፊታችሁ ሳልፍ ሬዲዮውን ትቀንሱ ነበር። ለሐዘኔ ክብር ብላችሁ ነው፤ አሁን አውቃለሁ። ያን ጊዜ ግን ሬዲዮው ዝቅ ባለ ቁጥር «ይህ ሰው እስኪያልፍ ነው» የምትሉ ይመስለኝ ነበር። በመጨረሻ መንገዴን ቀየርኩ። እናንተም «ቄሱ ሐዘኑን እንዴት አጥብቆ ያዘው! እንዲህ ያለ ሰው ቀርቷል?» አላችሁ። እንዲህ ሆነ ወንድሜ፤ እናንተ እኔን አክብራችሁ ራቃችሁኝ፤ እኔ የተጣልኩ መስሎኝ ራቅኋችሁ፤ በመካከላችንም አንድ መንገድ ብቻ ነበረ።

አሁን ያልነገርኩህ ይመጣል።

በዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ ቤቴን ጠረግሁ። ማንቆርቆሪያዋን አጥቤ ደፋኋት። ቁልፉን በሩ ላይ ትቼ ወጣሁ። ወደ ድልድዩ ነበር የምሄደው። ተመልሼ ወደ ቤቴ ልገባ አላሰብኩም ነበር። ከዚህ በላይ አልጽፍም፤ ይህን ያህል ከተረዳኸኝ ሁሉን ተረድተሃል። ስሄድም እያለቀስኩ አልነበረም፤ ተቆጥቼም አልነበረም። ደክሞኝ ነበር። ያ ነቢይ በምድረ በዳ ከአንዲት ዛፍ ሥር ተቀምጦ «ነፍሴን ውሰዳት» ያለበትን ቦታ ስንት ጊዜ ሰብኬዋለሁ! ያን ቀን ግን አልሰበክሁትም፤ ከዛፉ ሥር ነበርኩ።

መናኸሪያው ጋ ስደርስ ዝናቡ ወረደ። የላምባሳን ዝናብ ታውቀዋለህ፤ አያስጠነቅቅም። እግሬ በልማዱ ያቀናው ወደ አንተ በረንዳ ነበር። እዚያ ቆሜ ውኃው ከፀጉሬ በጀርባዬ ሲወርድ መጋረጃው ተገለጠና ብቅ አልክ። ትከሻህ ላይ ፎጣ፣ እጅህ ላይ ምላጭ ነበር።

«አባ ቄስ! ግቡ እንጂ! ዝናቡ ለእኛ ጣሪያ ብቻ የመጣ መሰለዎት?»

«ደህና ነኝ ዴኦ። ሲያባራ እሄዳለሁ።»

«ወዴት?»

ሁለት ዓመት ሊሞላ ትንሽ ቀርቶታል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ያንን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ሐሰት ተናግሬ አላውቅም አልልህም፤ በዚያች ቅጽበት ግን ሐሰቱ እምቢ አለኝ። እውነቱም እምቢ አለኝ። አየሁህ። አንተም አየኸኝ። ከዚያ ምላጩን ኪስህ ከተትክና ፎጣውን ከትከሻህ አነሣህ። እጆችህንም ዘርግተህ፣ ሳታስፈቅድ፣ «ይቅርታ» ሳትል፣ ራሴን ያዝከው። እናት ከወንዝ የወጣ ልጇን እንደምታደርቅ ግራና ቀኝ እያገላበጥክ ታሸኝ ጀመር።

ውስጥ ግማሽ ፊቱ ተላጭቶ ግማሹ በአረፋ ተሸፍኖ የተቀመጠው ሳኪዩሳ ከወንበሩ ሲዘል ጩኸቱ መናኸሪያው ድረስ ተሰማ።

«ኧረ በአምላክ! ዴኦ! እጅህን! እጅህን አንሣ አንተ ሰውዬ!»

ሐኒፍ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ከሱቁ እየሮጠ መጣ። «ምንድን ነው? እሳት ነው?»

«ራሱን ነካው!»

«የማንን?»

«የቄሱን ነዋ! ያውም በሐዘን ላይ ያለውን! ያውም የኮሮ ሰዎች ሳይመጡ!»

«ያ አላህ! አንተ ዴኦ፣ አርባ ዓመት ይቅርታ ሳትል የሰው ጆሮ ያልነካህ ሰው፣ ዛሬ ምን አገኘህ?»

አንተም ወደ እነርሱ ሳትዞር፣ እጅህንም ሳታቆም መለስክ። «እርጥብ ነበር።»

ሌላ ቃል አልተናገርክም። «እርጥብ ነበር።» እኔ ያን ጊዜ ነው የተሸነፍኩት። ከኡናይሲ ቀብር ወዲህ አንድም የሰው እጅ አልነካኝም ነበር ዴኦ፤ ሰላምታም ሲሰጡኝ ከሩቅ አጎንብሰው ነበርና። ራሴ በእጆችህ መካከል እንዳለ አለቀስኩ። እንደ ሽማግሌ አይደለም፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ። አንተ እጅህን አላነሣህም። ሳኪዩሳም፣ ይዘኸኝ ስትገባ መጋረጃውን ዘጋው፤ ሄዶም ሬዲዮውን እስከ መጨረሻው ከፍ አደረገው፤ አላፊ አግዳሚው የእኔን ለቅሶ እንዳይሰማ። በዚያ ሬዲዮ ላይ የአንድ የሕንድ ሴት ዘፈን ነበር፤ እስከ ዛሬ ቃሉን ባላውቀውም ዜማውን አውቀዋለሁ።

ምን ያህል ጊዜ እንዳለቀስኩ አላውቅም። ስጨርስ ሐኒፍ ሻይ ይዞ ከፊቴ ቆሟል፤ ሳኪዩሳ አረፋው ደርቆበት አግዳሚው ላይ ተቀምጧል።

«የአክስቴ ልጅ» አለኝ፣ «አልቅሰህ ከጨረስክ እኔ መላጨቴን ልጨርስ? እንዲህ ሆኜ ቤት ብገባ ሚስቴ በየትኛው ጉንጬ ትስመኛለች?»

«ሚስትህ ከመቼ ወዲህ ነው የምትስምህ?» አለው ሐኒፍ።

ሳቅሁ። በዚያ ቀን ወደ ድልድዩ አልሄድኩም።

ግን ነገሩ በሳቅ የሚታለፍ አልነበረም፤ ሳኪዩሳም ያውቀው ነበር። ፊቱን አጥቦ ሲጨርስ ቁም ነገረኛ ሆነ። «ዴኦ፣ ይኼን ጉዳይ ኮሮዎች መስማታቸው አይቀርም። የእነሱ ሐዘን ነው የተደፈረው። ካሣ ሳትክስ ቀርተህ ብትታመም እንኳ ‹ያ ነገር ነው› ነው የሚሉህ።»

«ታዲያ ይስሙ» አልከው። «እንዲያውም ራስህ ደውልላቸው። ዴኦ የሚባል ሕንድ አማቻችሁን ራሱ ላይ ነካው፣ ይቅርታ ሊጠይቃችሁ ይፈልጋል፣ መጥታችሁ ስሙት በላቸው።»

«እነሱ ይምጡ? አንተ አይደለህ እንዴ መሄድ ያለብህ?»

«እኔ ሱቅ አለኝ» አልከው። «ደግሞ መርከብ ያጥወለውለኛል።»

ሳኪዩሳ አንተን ሲሰድብ የዋለውን ስድብ እዚህ ብጽፈው ለክህነቴ አይመጥንም። ቢሆንም ደወለ። የተደፈረ ሐዘን ደግሞ ጣሪያ እስኪሠራ አይጠብቅም፤ ለድግስ መምጣት ያልቻሉት ለበደል መጡ። በሚቀጥለው መርከብ ኤሮኒና ወንድሞቹ ጥቁር ለብሰው፣ ፊታቸውን አጥቁረው ቤቴ ገቡ። አንተ በእጅህ ለዕርቅ የሚቀርበውን የካቫ ተክል ሥር አንድ ነዶ ይዘህ፣ ከበሩ ጀምሮ በጉልበትህ እየተሳብክ ምንጣፉ መካከል ደረስክ። በእኛ ቋንቋ፣ በትልቁ የሥርዓት ቃል፣ ስህተት ሳትሠራ ተናገርክ፤ የማይነካውን እንደ ነካህ፣ የአንተ ያልሆነውን ራስ እንደ ያዝክ፣ ቅጣታቸውንም እንደምትቀበል። ከዚያ ራስህን ደፋህ።

 እኔ ወደ ኤሮኒ ማየት ፈራሁ። ዐይኑ ግን ከአንተ ላይ ተነሥቶ እኔ ላይ አረፈ፤ ትከሻዬን ባለፈው ፀጉር ላይ፣ በቀጠነው አንገቴ ላይ፣ በሰፋው ሸሚዜ ላይ። በመጨረሻ የካቫውን ሥር በእጁ ነካው፤ ተቀበለህ ማለት ነው።

«ይኼ ሕንድ የነካው» አለ፣ «እኛ ልንነካው የሚገባንን ነው። እህቴ ብታየው ኖሮ ‹ባሌን ምን አደረጋችሁት?› ትለን ነበር። እኛ ጣሪያ ስንሠራ እርሱ ያለ ጣሪያ ኖሯል።» ዞር ብሎም ወንድሞቹን ጠየቀ። «መቀስ ያለው አለ?»

ማንም አልነበረውም። ለይቅርታ የመጣ ሰው መቀስ ይዞ አይመጣም። ከምንጣፉ መካከል ግን ራስህን እንደ ደፋህ እጅህን የሸሚዝህ ኪስ ውስጥ ከተትክና፣ በንጹሕ መሐረብ የተጠቀለለ መቀስ አውጥተህ በሁለት እጅህ ዘረጋህ።

መጀመሪያ የሳቀው ኤሮኒ ራሱ ነው። ቀጥሎ ቤቱ ሁሉ ሳቀ። ሳኪዩሳ ከጓሮ «አላልኳችሁም! ይኼ ሰውዬ ለይቅርታ አይደለም፣ ለሥራ ነው የመጣው!» እያለ ጮኸ። ኤሮኒ የመጀመሪያውን ቆረጠ፤ ወንድሞቹ ተከተሉ። ባልተለማመደ እጅ የተቆረጠውን ፀጉሬን ማስተካከሉን ላንተ ተዉት። አንተም በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ጎንበስ ብለህ «ይቅርታ አባ፣ ልንካዎ?» አልከኝ።

«ንካኝ» አልኩህ። ከዚህ የበለጠ ልልህ የሚገባኝ ነገር ነበረ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ዓርብ ዓርብ ወንበርህ ላይ ተቀምጬ ልነግርህ ስንት ጊዜ አፌን ከፈትኩ! አንድ ጊዜ «ዴኦ፣ ያን ቀን እኮ…» ብዬ ስጀምር «አገጭዎን ቀና ያድርጉ» አልከኝ። ቀና አደረግሁ። ነገሩም በዚያው ቀረ።

ካምላም አረፈች። የልጆችህ ራስ ተላጨ፤ ያንተም። ሳሪታ ልትወስድህ ስትመጣ አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ መጥቼ እንደ ወንዶች ተጨባበጥን፤ እኔ ስለ አየሩ ተናገርኩ፤ አንተ ስለ ሻንጣህ ክብደት ተናገርክ። ከአውቶቡሱ መስኮት ሆኜ አውሮፕላኗ ከሸንኮራው በላይ ስትነሣ አየኋት፤ ከአጠገቤ ያለው መቀመጫም ሰው ነበረበት። እንደዚያም ሆኖ የዚያን ቀን መንገድ ረዘመብኝ።

አሁን አንተ እዚያ ነህ። ፀጉርህ መልሶ በቅሏል፤ ስለዚህ ሐዘንህ ያለቀ ይመስላቸዋል። በርህን ቀስ ብለው ይዘጉልሃል፣ ልጆቹን «አያታችሁን አትረብሹ» ይሏቸዋል፣ ሻይህን አስቀምጠው በጣታቸው ጫፍ ይመለሳሉ። ያን ቀስታ አውቀዋለሁ ወንድሜ። ከፍቅር የሚመጣ ነው፤ ግን ሰውን ይገድላል። እነርሱ አይወቀሱበትም፤ ማንም በሩን እንዳይከፍትበት የሚፈልግ ሰውና እንዲከፈትለት የሚለምን ሰው ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው።

ስለዚህ አንድ ነገር እለምንሃለሁ። ሐኪሙ ደግሞ ሲጠይቅህ «ደህና ነኝ» አትበለው። ለልጅቷ ያልካትን ቃል ለእርሱም በለው። አያፍርብህም፤ ሥራው ነው። ለሳሪታም በላት፤ የፈራችውን ነገር ስም ብትሰጥላት ፍርሃቷ ይቀልላታል። የእኔ አምላክ ያንን የደከመ ነቢይ እንዳልገሠጸው ልንገርህ። «አታፍርም?» አላለውም። አስተኛው፤ ቂጣና ውኃ ሰጠው፤ መልሶ አስተኛው፤ መልሶ አበላው። መንገዱ ሩቅ ነውና፣ አለው። እኔ ያን ቂጣ የሚያመጣ መልአክ አይደለሁም፤ ሳኪዩሳማ በጭራሽ አይደለም። ነገር ግን ሰዎች ነን፤ ያለንን እንልካለን።

ሱቅህን የወንድምህ ልጅ ቪኖድ ይዞታል። በመጀመሪያው ሳምንት የሐኒፍን ጆሮ አድምቶት ነበር፤ አሁን እጁ ረጋ ብሏል። ሐኒፍ ግን እስከ ዛሬ ሲቀመጥ ጆሮውን በመዳፉ ይሸፍናል። አግዳሚው አልተቀየረም። የሳኪዩሳ ልብ ታሞ የጭነት መኪናውን ሸጧል፤ ጠዋት ጠዋት እዚያ ተቀምጦ የሚያልፈውን መኪና ሁሉ ነጂ ይሰድባል።

ቅዳሜ ጠዋት፣ እናንተ ቁርስ በልታችሁ ሣህኑ ሲነሣ፣ ስልኩ ይደወልልሃል። ከሳሪታ ጋር ተስማምተናል፤ ክፍልህ ገብታ ከአልጋህ አጠገብ ታስቀምጠውና በሩን ክፍት ትታ ትወጣለች። እኛ እዚህ የሐኒፍን ስልክ መስኮቱ ላይ እናቆመዋለን። ከዚያ በየቅዳሜው እንዲሁ ይሆናል፤ እኔ በሕይወት እስካለሁ ድረስ አንድ ቅዳሜ አይታለፍም፤ ይህንም በክህነቴ እምልልሃለሁ። መናገር የለብህም። ማንም «እንዴት ነህ?» ብሎ አይጠይቅህም፤ አስጠንቅቄያቸዋለሁ። ቪኖድ ይቆርጣል፣ ሐኒፍ ያማርራል፣ ሬዲዮው ይጮኻል። መልስ መስጠት ከከበደህ ሳል። መሳልም ከከበደህ ተንፍስ፤ የስልኩ ድምፅ ከፍ ይላልና እንሰማዋለን። ትንፋሽህ እንደተሰማ ሳኪዩሳ ቀልዱን ይጀምራል። ሳምንቱን ሙሉ ሲለማመደው ሰንብቷል። ፈጽሞ አያስቅም፤ ከወዲሁ ይቅርታ እንጠይቃለን።

የምትተነፍስበትን አየር ሁሉ የሚያውቅ አምላክ እስከ ቅዳሜ ይጠብቅህ።

ስምህን በየማለዳው በጸሎቱ የሚጠራው ወንድምህ
ቄስ ኪቲዮኔ
ላምባሳ